የገነነ ግራ ጫማ

ገነነ ፒያሳ ላይ ጫማ መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ለራሱ አንድም ቀን ጫማ ገዝቶ አያውቅም። እንዲህ ስል በባዶ እግሩ ኖረ ማለቴ አይደለም፤ ጫማማ ሞልቶታል። ችግሩ ጫማዎቹ በሙሉ ከማሳያ የወረዱ መሆናቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኘው ጠባብ ሱቁ ፊቷን የሰጠችው ለከሰዓት ፀሐይ ነው። አዲስ ጫማ ሲመጣ ገነነ ግራውን መስታወቱ ውስጥ ያቆመዋል፤ ቀኙ ካርቶኑ ውስጥ ጨለማ ተከናንቦ ይተኛል። ግራው ፀሐይ ሲጠጣ ይከርምና ቡናማ የነበረው ሻይ በወተት ይመስላል፣ ጥቁር የነበረው አመድማ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጥንድ ደንበኛ በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም። ገነነ ግን ይወስዳል። "ታዲያ ይጣል?" ይላል ሰው ሲጠይቀው፣ ልጁን ጣል የተባለ ያህል ተቆጥቶ።

ስለዚህ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ግራ እግሩ ነጣ፣ ቀኙ ጠቆር እንዳለ ነው የሚሄደው። ከጎኑ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ጓደኛው ሱፊያን፣ "የገኔ ግራ እግር ጡረታ ወጥቷል፣ ቀኙ ገና መቀጠሩ ነው" እያለ ይተርበዋል። ገነነን አይከፋውም። "ጫማ ሻጭን ማን እግሩን ያየዋል? ሁሉም የሚያየው የራሱን ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ጫማ ቤት የገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጣቶች ሲመረምር ቆይቶ ይወጣል።

የምታይ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ባለቤቱ ወይንሸት ናት።

ወይንሸት ከሰዓት ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ኋላ ትቆማለች። የራሷን ጫማ ግን ራቅ ብላ ከሌላ ሱቅ ነው የምትገዛው፤ ለምን እንደሆነ ገነነም አይጠይቅም፣ እሷም አትናገርም። በተጋቡ ሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ ፎቶ አንሺ ፊታቸው በቆመ ቁጥር እጇን አውጥታ "ከጉልበት በላይ አድርገው!" ብላ ትጮኻለች። የራሳቸው የሠርግ ፎቶ እንኳ የተነሣው ከወገብ በላይ ነው። አፍንጮ በር ያለው ቤታቸው ሳሎን ግድግዳው በፎቶ ተሸፍኗል፣ እግር ያለው ፎቶ ግን አንድም የለም። እንግዳ ገብቶ ሲያይ እነዚህ ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ውኃ ውስጥ ቆመው የኖሩ ይመስለዋል።

እንግዲህ ልጃቸው ሜላት፣ አምስት ኪሎ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትሠራለችና፣ ስትለፋ ከርማ ለአባቷና ለእናቷ የዐሥር ቀን የጣሊያን ጉብኝት አዘጋጀችላቸው። ሮምና ፍሎረንስ፣ በሐምሌ። ቪዛው በወጣ ዕለት ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሠፈር ደረሰ። ሁሉም የየራሱን ምክር ይዞ መጣ። ወይንሸት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው።

"ሐውልቱንም ሙዚየሙንም አንተ እየው" አለችው። "እኔ የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ከፀጉር እስከ ጣት። ሁለታችንም፣ ሙሉ። እግር ያለው ፎቶ።"

"ምን ችግር አለው?" አለ ገነነ።

"ችግሩ እግርህ ላይ ነው። እነዚህን ጉዶች አድርገህ ከመጣህ አውሮፕላኑ ውስጥም አላውቅህም፤ ለብቻዬ ነው የምቀመጠው።"

ስትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ትንሽ እርጥብ ብሎ ስላየው ሳቁን መሐል ላይ አቆመው።

ልብስ የመምረጡ ነገር ሦስት ቀን ፈጀ። ሜላት አልጋው ላይ ሻንጣውን ከፍታ "እዚያ አሁን በጋ ነው፤ ቀለል ቀለል ያለ ልብስ ብቻ" አለች። በዚያች ሰዓት የቤታቸው ቆርቆሮ በበረዶ እየተወገረ ስለነበር ሁለቴ ጮኻ ነው የተሰማችው።

"ሐምሌ በጋ ነው?" አለ ገነነ። "እንዴት ያለ ነገር ነው? እኛን መምህራችን ዊንተር ማለት ክረምት ነው ብለው ነው ያስተማሩን። ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው። ስለዚህ ሐምሌ ዊንተር ነው።"

"አባዬ፣ የእነሱ ዊንተር ታኅሣሥ ላይ ነው።"

"ታኅሣሥማ ፀሐይ ነው!"

"እዚህ! እዚያ እኮ ታኅሣሥ ላይ በረዶ ይጥላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ይገባል።"

"ሠላሳ ስምንት ከሆነማ የሚያስፈልገን ልብስ አይደለም፣ ሐኪም ነው።" ይህን ቢልም ልቡ አላመነም። እናትና ልጅ ወደ ጓዳ ዞር ሲሉ ሁለት ወፍራም ሹራብ ከሻንጣው ሥር ሸጎጠ። ወይንሸት አገኘቻቸውና አወጣቻቸው። መልሶ ሸጎጣቸው። ሦስተኛ ጊዜ ላይ አንዱን ለብሶ ቀረ።

ሱፊያን ደግሞ ጃንጥላና ምክር ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ቢሆንም ስለ ሮም የማያውቀው ነገር አልነበረም። "እዚያ ሱፍ ያልለበሰ ሰው ማኪያቶም አይቀዳለትም" አለ። ገነነ ይህን ሰምቶ የሜላት ምረቃ ጊዜ የለበሰውን ጥቁር ሱፍ አወጣ። ሱፉ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ የናፍታሊን ሽታ ጠግቧል፤ ቁልፉም ቢሆን የሚቆለፈው ገነነ ትንፋሹን ከዋጠ ብቻ ነው። ሜላት በጭንቅ አስጥላ በቀጭን ሸሚዝና በጥጥ ሱሪ ለወጠችው።

ወይንሸት በበኩሏ ሰባት ቀሚስ እየለበሰች ባሏ ፊት ትዞራለች። "ይሄስ?" ትለዋለች። እሱ የሚያየው ወደታች ነው። "ይሄ ተረከዙ ዝቅ ያለ ይፈልጋል" ይላል። ሌላ ትለብሳለች። "ይሄ ደግሞ ጣቱ ክፍት ከሆነ ነው።" "ስለ ቀሚሱ ነው የጠየቅሁህ!" ትላለች። ስለ ቀሚሱ አንድም ሐሳብ አልነበረውም። የሰው መልክ ለገነነ ከቁርጭምጭሚት ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሌላ ሰው ይመልከተው ባይ ነው።

በመጨረሻ የጫማው ቀን ደረሰ። ወይንሸት ሱቅ ገብታ፣ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደች። ቡናማ ቆዳ፣ ባለ ማሰሪያ፣ አርባ ሁለት ቁጥር። የመጣው በዚያው ሳምንት ስለነበር ግራው ገና መስታወት አላየም፤ ሁለቱም እግር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው።

ገነነ ቀለሙ ተለወጠ። "ይሄ እኮ ይሸጣል!"

"አውቃለሁ።"

"የሚሸጥ ነገር እንዴት ይለበሳል?"

"ሰው የሚገዛው ሊለብሰው አይደለም እንዴ?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማን ከዚህ አቅጣጫ አስቦት አያውቅም። ይህንኑ አድርጎ ሮም እንደሚሄድ በጊዮርጊስ አስማለችው፣ ማለ። "ሁለት ቀን እዚሁ ሱቅ ውስጥ አድርገው፣ እግርህን ይልመድ" ብላው ሄደች።

አደረገው። ግን ሶሉ እንዳይቆሽሽ ባዶ ካርቶኖችን ቀደደና ከባንኮኒው እስከ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው እስከ በሩ መሬት ላይ አነጠፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ከካርቶኑ ዝንፍ ሳይል በዚያች መንገድ ብቻ ተመላለሰ። ሱፊያን በሩ ላይ ቆሞ "ባቡር ልታስገባ ነው ሐዲድ የምትዘረጋው?" አለው። ገነነ "ለጉዞ ልምምድ ነው" አለ። ለምን እንደሚሳሳለት ለራሱም ቢሆን ደፍሮ አልነገረውም።

ሁለተኛው ቀን ነው፤ የሚበሩት በማግስቱ ነው። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ቁልቁለቱ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከነውኃው ሱቅ ገባ። ቀኝ ጫማው ከፊት ተፈልቅቆ በተራመደ ቁጥር አፉን ይከፍታል።

"ወንድሜ፣ ዘርዓብሩክ እባላለሁ፤ ልጄ ነገ ስድስት ኪሎ ትመረቃለች" አለ ሰውዬው እያለከለከ። "ጫማዬን አየኸው? በዚህ ገብቼ ላዋርዳት ነው?"

ገነነ ሦስት ካርቶን አወረደ። ሰውዬው አንዱንም አልወደደም። አንገቱን ደፍቶ የራሱን እግር እያየ ሳለ ዓይኑ ተንሸራቶ ካርቶኑ ላይ አረፈ፣ ከካርቶኑም ወደ ገነነ እግር ወጣ። እዚያው ቀረ።

"ይሄ ግን ያምራል" አለ።

ገነነ ደነገጠ። ከዚያ ደስ አለው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው እግሩን አይቶ ያምራል ሲለው የመጀመሪያው ነው። ጥቂት ወደ ብርሃኑ ዞር ብሎ ማሰሪያውን አሳየ።

"ሌላ አለህ?"

"የመጨረሻው ነው።"

"መሬት ነክቷል?"

"መሬት? ካርቶን ብቻ!" አለ ገነነ፣ በኩራት እግሩን ገልብጦ ሶሉን እያሳየ። ያን ጊዜ ምላሱ ከሐሳቡ ቀድሞ እንደሄደ ገባው። ሊመልሰው ፈለገ። ግን ሰውዬው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እርጥብ ካልሲውን እያወለቀ ነበር፤ ፊቱ ላይም የአባት ጭንቀት ይታያል። ከዚህ በኋላ የሆነውን ገነነ ራሱም በደንብ አያስታውሰውም። ማሰሪያው መፈታቱን ያስታውሳል። እግሩ መቀዝቀዙን ያስታውሳል።

ወይንሸት የሻንጣ ቁልፍ ገዝታ ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ፣ አንድ ሰውዬ ቡናማ ጫማ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ባሏ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል።

"ትንሽ ያዘኝ መሰለኝ" አለ ሰውዬው ፊቱን ቋጠር አድርጎ።

"ቆዳ ነው፣ ሲለበስ ይሰፋል!" አለች ወይንሸት። ቃሉ አፏን ለቆ ሲወጣ ገና ጃንጥላዋን አላስቀመጠችም። "ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚይዝዎት፤ ከዚያ በኋላ እግርዎ ላይ መኖሩንም ይረሱታል።"

ጫማ ቤት የቆመ ሰው ይህን ቃል እንደ ደህና ዋሉ ነው የሚለው፤ አያስብበትም። ሰውዬውም አመነ፤ ከፍሎ፣ መርቆ፣ አሮጌውን በፌስታል አንጠልጥሎ እየተደሰተ ወደ ዝናቡ ወጣ።

"ጥሩ ሰው ነው" አለች ወይንሸት። "ጫማውም አማረበት። ያ የእኛ ቡናማው..."

ዞር አለች። ገነነ ከባንኮኒው ወጥቶ ካርቶኑ ላይ በካልሲ ቆሟል።

"ገኔ።"

"አቤት።"

"ጫማህ የታል?"

በአገጩ ወደ መንገዱ አመለከተ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ "ሊያወልቀው ነበር እኮ። ይሰፋል ያልሽው አንቺ ነሽ" አለ።

ወይንሸት ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጣለች። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "አንድ ፎቶ" አለች ወደ ካርቶኑ እያየች። "አንድ፣ እግር ያለው።" ገነነ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ አፍሮ አያውቅም። መደርደሪያውን አገላበጠ፤ አርባ አንድ አለ፣ አርባ አራት አለ፣ አርባ ሁለት የለም። "ሮጬ ላስመልሰው" ብሎ በካልሲው ጎርፉ ውስጥ ገባ።

"ተመለስ አንተ ሰው! ልጁ ነገ ትመረቃለች" ብላ ጮኸች። ውኃ የሚያንጠባጥብ ካልሲውን ስታይ ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ትንሽ አለቀሰችም። ዓይኗን ጠርጋ መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን ግራ ጫማዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

"ያቺን ቀይዋን አውርዳት" አለችው። "ቀኟንም ከካርቶን አምጣ።"

"ወይንዬ፣ እሷ እኮ ነጥታለች። ግራዋ ጡብ መስላለች።"

"አያለሁ። አንድ ሰው ሲያደርገው ጉድ ነው፤ ባልና ሚስት ሲያደርጉት ግን ፋሽን ይባላል። ማን ያውቀናል ሮም?"

ገነነ አመጣት። ፊቷ ተንበረከከና እግሯን በእጁ ያዘ። የስንቱን ሰው እግር ሲይዝ ኖሮ፣ የሚስቱን እግር እንዲህ ይዞ ጫማ ሲያጠልቅ የመጀመሪያው መሆኑ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። ወይንሸት ተነሥታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

"ይይዘኛል" አለች።

ገነነ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠው።

"አይሰፋም" አላት። "አውልቂው፣ ይልጥሻል። አንድ ቁጥር ከፍ የምትል ቢጫ አለች፤ ግራዋ ግን ከሁሉም የባሰች ናት።"

"አምጣት" አለች ወይንሸት፣ እግሯን እየዘረጋች።