ሁለት ደስታ ወይስ አንድ

ባለፈው እሁድ የመጨረሻዋ ልጄ የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ መጣችና የሰውና የቺምፓንዚን የዘር ሐረግ አሳየችኝ። «አባዬ፣ ይሄን ማን አይቶት ነው? እንዴትስ ይፈተናል?» አለችኝ። ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ሊለው ይገባል። እኔን ግን መቀመጥ አቃተኝ።

ሸዋ ሮቢት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ አብራኝ የምታስተምረውን ዘነበችን ወደድኩ። ከሥራ ስንወጣ ማንጎ እየበላን፣ የጭነት መኪናው አቧራ እያለበሰን በአስፋልቱ ዳር እንሄድ ነበር። ግንቦት ነበር፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ ይላል፣ እኔን ግን ያላስቀመጠኝ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌ ላክሁ። ከሰባት ቤት ወዲህ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለምና ዘር ተቆጠረ። በእኔ በኩል አምስተኛው ቤት ላይ ደስታ የሚባል ሰው ተገኘ። በእሷም በኩል አምስተኛው ደስታ ሆነ።

«በቃ፣ እህትህ ናት» አሉኝ የቆጠሩት አጎቴ።

«ጋሼ፣ ስም እኮ ነው። ስንት ደስታ ነበር በዚያ ዘመን? የሌሊት ወፍም ክንፍ አላት፣ ወፍ ግን አይደለችም።»

ኮሌጅ የተማርኩትን ሙጥኝ አልኩ። የዘር ሐረግ የሚፈተነው እርስ በርስ ያልተማከሩ ምስክሮችን ጠይቆ ነው፤ ቃላቸው ካልገጠመ ሐረጉ ይወድቃል። እንዲወድቅልኝ ቋመጥኩ። የእኔ አክስት እትዬ አስካለ አጣዬ ከተማ፣ የዘነበች አያት ደግሞ ጀውሃ ይኖሩ ነበር፤ አይተዋወቁም። ምክንያቱን ሳንናገር፣ እኔ አክስቴን እሷ አያቷን፣ ስለ ደስታ ብቻ ልንጠይቃቸው ተስማማን።

እትዬ አስካለ የማሾ ንፍሮ አቀረቡልኝና ሳቁ። «ቄስ ደስታን ነው የምትለኝ? ቄስስ አልነበረም። ጥምጣም ስለሚወድ ነው እንዲያ ያሉት።»

በደስታ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ቅጽል ጀውሃ ድረስ አይሄድም ብዬ ነበር። ዘነበችን መናኸሪያ አገኘኋትና እኔ የሰማሁትን ሳልነግራት ምን አሉ አልኳት።

«ቄስ ደስታ ይሉታል።»

«የእውነት ቄስ ነው?»

«ኧረ ለስሙ ነው። ጥምጣሙን አይተው ነው አሉ።»

ፈተና ያረመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ ምንም አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስህተት ከጻፉ ግን ከአንድ ቦታ ነው ያመጡት። እሷም ፈተና ታርማለችና ፊቴን አይታ ገባት።

«ሌላ ሰው እንጠይቅ» አልኳት።

«እስኪዋሹልን ድረስ?»

ክረምቱ ሳይገባ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። እኔ ያን ሰሞን ከቤት ወንዝ፣ ከወንዝ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። አምርሬ አዘንኩ፤ ከሁሉ ያናደደኝ ፈተናው የራሴ ሐሳብ መሆኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። የሚፈተን ነገር እንደዚህ ነው፣ የምትወጂውን ሊከለክልሽ የሚችል ነው አልኳት። እናቷ ጓዳ ዕቃ ታጥባለች።

«ባይገጥምስ ኖሮ?» አለችኝ ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አገባት ነበር።»

«እኔስ?»

ለእሷ ስል ሐረጉ እንኳን ገጠመ ማለት ነበረብኝ፤ እውነትም እንኳን ገጠመ። ግን ይህን ሳልላት ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።