ዐሥራ አምስተኛዋ ሟች

የክልሉን የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ ልናዳብር ቦንጋ የተሰበሰብን ባለድርሻ አካላት ሁላችንም በመኪና መጣን፤ አንድ ጠና ያለ ሰው ብቻ ከማንኪራ መንደር በእግሩ። ሹፌርነቱን ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው አሉ። ጭቃ ባበላሸው ጫማው በሩ ሥር ተቀምጦ፣ «አደጋ» በተባለ ቁጥር ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚረግጥ ወለሉን ይጫናል።

ሰብሳቢው «ባለፉት አምስት ዓመታት በደካ መንገድ ሟች ዐሥራ አራት» ብሎ ሲያነብ ሰውዬው እጁን አወጣ።

«ዐሥራ አምስት ነው፣ ጌታዬ። አንዷ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ በሳምንቷ ነው የሞተችው። እሷም ትጻፍልኝ።»

«ሪፖርቱ ላይ የለችም፣ ጋሼ። እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«የገጨኋት እኔ ነኝ እኮ።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

«መልካም፤ በአስተያየት ይያዝልን» አለና ምሳ ጋበዘን።

በላን።