የማይከፈተው በር

ዛሬ የቢሮዬ ኮምፒውተር ግሎ ፕላስቲኩ ሲሸተኝ የነጌሌው ጌም ቤት ትዝ አለኝ። ያኔ ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ጃርሶ ለሥራ ወደ ሞያሌ ሊሄድ ሲል፣ “የዞምቢውን ጌም ሳንጨርስ አትሄድም” ብዬ ወደዚያ ይዤው ሄድኩ።

ጌሙ ርካሽ ነበር። ዞምቢዎቹ በግድግዳ ውስጥ ያልፋሉ፣ ጥይቱ ሰማዩን ይመታል፤ እኛ ግን ከልባችን እንፈራ ነበር። የመጨረሻው በር ላይ ስንደርስ ጌሙ እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። ተናድጄ ጆይስቲኩን ወረወርኩት።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ዲስኩን አውጥተው በሽርጣቸው ወለወሉት። “ተዪው ልጄ፣ ለእኔም አልተከፈተ።”

“አንቱም ይጫወታሉ?”

“ሰው ሳይኖር” አሉ ቀስ ብለው።

“ስመለስ እንጨርሰዋለን” ብሎኝ ጃርሶ የሞያሌው መኪና ላይ ወጣ። እዚያው ሞያሌ አግብቶ ቀረ።

አሁን ደውዬለት ስለዚያ በር አነሳሁለት።

“የቱ ጌም?” አለኝ።