ሻለቃና ልጁ ሳሪስ ለፍርድ

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ዘንቢል ይዤ ወጣሁ። የምሄደው ሳሪስ፣ ትዕግስት ዘንድ ነው። ትዕግስት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ የከብትና የዶሮ እርባታ ተምራ የመኖ ሱቅ ከፍታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ለበዓሉ ይታረዳል፣ አንዱ ለዘር ይቀራል። እኔ «ወፍራሙ ሻለቃ ለዘር ይቅር» አልኩ። ባለቤቴ በላይነሽ ደግሞ «ሥጋ ያለው ይታረድ እንጂ! ያ ክብሪት የመሰለ ልጁ ምን ይወጣዋል?» አለች። ተከራክረን ተከራክረን፣ ትዕግስት ትፍረድ ተባባልን።

ሻለቃ ወዳጄ ነው፤ ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። እናም ሚዛን ላይ እንዲከብድልኝ ጠዋት የተነከረ በቆሎ እስኪበቃው አበላሁት።

ታክሲ ውስጥ

ረዳቱ ዘንቢሉን አየና «ፋዘር፣ እነዚህ ወንበር ይዘዋል፤ ይከፍላሉ» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ቆመው ይሄዳሉ» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ስቆ ተወኝ።

ቃሊቲ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ማረሚያ ቤት ስንቅ አድርሰው መመለሳቸው ነው፤ ባዶ ሳህናቸውን በፌስታል ይዘዋል። አጠገቤ ተቀመጡና ወደ ዘንቢሉ ጎንበስ አሉ።

«እነዚህስ ምን አጥፍተው ነው?»

«አንዱ ሞት ይፈረድበታል፣ እህቴ። ፍርዱን ልንሰማ ነው።»

«ውይ! ይግባኝ ይበላ!»

ሻለቃም ይግባኙን እዚያው ጫማዬ ላይ አቀረበ።

ሳሪስ

ትዕግስት ሻለቃን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ከበደ! እኔም ደረቴን ነፋሁ። እሷ ግን አንገቱ ሥር ያበጠውን ዳበስ አድርጋ ቀና አለች።

«አባባ፣ እኔ የመዘንኩት በቆሎ ነው ወይስ ዶሮ?»

«ሁለቱንም» አልኩ፤ ምን ልበል?

«ደግሞስ ማን ነው እንዲህ የሚቀልበው?»

«ሰፈሩ ነዋ! ከአራተኛ ፎቅ ሳይቀር ትርፍራፊ ይወረወርለታል።»

ቅልጥሙን በሜትር ለካች፤ አጭር ነው። ልጁን አነሳችው። አራት ወሩ መሆኑን ነገርኳት። እሱንም መዘነች፣ ቅልጥሙን ለካች፣ ደረቱን ዳበሰች።

«ይሄ ለዕድሜው ከባድ ነው። ቅጥነቱ አያታልልዎት፤ ገና አጥንት እየሠራ ነው። በልጅነቱ ቅልጥሙ የረዘመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲያድግ ክብደቱም ይከተላል፤ ሁለቱ በዘር የተያያዙ ናቸው። የአባቱ ውፍረት ግን የቀለብ ነው፤ ቀለብ ደግሞ ለልጅ አይወረስም። እናቱ ማን ናት?»

«በላይነሽ ከሰላሌ ያመጣቻት ባለረጅም እግሯ ዶሮ።»

«እንግዲያው ዘሩ የመጣው ከሷ ሳይሆን አይቀርም። ለዘር ይሄኛውን ያስቀሩ።»

ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ሻለቃ ግን በቆሎውም አልቆለት፣ ፍርዱም አልገባው፣ ታክሲ ውስጥ ሦስቴ ጮኸ።

ገላን

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ትዕግስት ግን ለበዓል እናቷ ዘንድ መምጣቷ አይቀርም። የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩ።

በላይነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የኔ ዶሮ ናት በለኛ! ልጆቻችንስ ቁመታቸውን ከማን ያመጡት መሰለህ?»

አራቱም በራስ ይበልጡኛል። ሚዛን የሚናገረው የበሉትን እንጂ የሚያወርሱትን እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በዶሮ ተማርኩ።

«እና… ሻለቃ ይታረድ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

እሱን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ይቀመጥ፤ ለበዓሉ ቅርጫ እንገባለን። አንተንስ አጭር ነህ ብዬ መቼ አባረርኩህ?»