ከማሰልጠኛ ማሰልጠኛ የምትዞረው ማሽን

ኦዲተሩን ከአለቃው እስከ ዘበኛው ሁሉም «ጋሽ አሳየኝ» ይሉታል። የሙያ ማሰልጠኛ ሊፈትሽ ሲሄድ እንደ ባልደረቦቹ ቢሮ ተቀምጦ ፋይል አያገላብጥም። ቀጥ ብሎ ወርክሾፕ ይገባና ካገኛቸው ሰልጣኞች አንዱን «እስቲ አሳየኝ» ይላል። የአሰልጣኙ ዲፕሎማ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የስም መቆጣጠሪያው የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። «ወረቀት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይዋሻል፤ እጅ ግን አይችልበትም» ባይ ነው።

አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ብየዳ የምትማርበት ማሰልጠኛ ተራ ደረሰ። ለአለቃው «የሥጋ ዘመዴ አለችበት፤ ሌላ ሰው ይሂድ» ቢለው፣ «ሌላ ሰው ከየት ልውለድ?» አለው። እህቱም ወሬው ደርሷት ደወለች።

«ወንድሜ፣ ልትመረቅ ትንሽ ነው የቀራት። እንደው አይተህ እንዳላየህ እለፋቸው።»

«ልጅሽ ሥራውን ከቻለች ምን ያስፈራሻል?»

እህቱ ስልኩን ዘጋችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ምክንያቱ ለሁለቱም ገብቷቸዋል።

ወርክሾፑ ተወልውሎ ጠበቀው። የሰልጣኞቹ ቱታ ገና የእጥፋት መስመሩ አልለቀቀም። መሃል ላይ አንዲት የብየዳ ማሽን ቆማለች፤ አንዱ ጎማዋ ወልቆ በሽቦ ታስሯል። ዳይሬክተሩ የእህቱን ልጅ ትከሻዋን ይዞ ወደ ፊት አመጣት።

«የእኛ ጎበዝ እሷ ናት፤ እሷ ታሳይዎት» አለ እየሳቀ። ብልጣብልጥ! በሥጋ ዘመድ ሊያስረው መሆኑ ነው።

ልጅቷ መከላከያውን ፊቷ ላይ ደፋች። የብየዳውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ብረቱ ላይ ብታሳርፈው እሳት ሳይፈነጥቅ ተጣበቀ። ጎትታ አላቀቀችው፤ አሁንም ተጣበቀ። መከላከያውን ወደ ላይ ገለበጠች።

«ጋሼ፣ ማሽኗ በውሰት የመጣችው ትናንት ነው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኛ የተማርነው ሰሌዳ ላይ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ የተሣለ ማሽን ሲያዩ ከርመዋል፤ እውነተኛዋ ግን እንደ ጎረቤት ወንፊት ኦዲት ወዳለበት ሁሉ ትዞራለች። ሊያልፋቸው ዳዳው። ግን ነገ እሷ በበየደችው ደረጃ ላይ ሰው ይወጣል። «መስፈርቱን አያሟላም» ብሎ ፈረመ።

ማሰልጠኛው ተዘጋ፤ ያ ሁሉ ልጅ ሜዳ ላይ ቀረ። እህቱ በሩ ድረስ መጥታ ወረደችበት።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ አንተ ጭራሽ ራስህ ጅብ ሆነህ አረፍከው!»

ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። ዳይሬክተሩ ግን ምን ተዳው? ብዙም ሳይቆይ በወንድሙ ስም ሌላ ማሰልጠኛ ከፍቶ «የተማራችሁት ይያዝላችኋል» እያለ የድሮ ሰልጣኞቹን ሰበሰበ። መሄጃ የሌለው ልጅ ምን ያድርግ፤ ተመልሶ ገባ።

ጋሽ አሳየኝ አዲሱን ማሰልጠኛ እንዲፈትሽ ተላከ። ወርክሾፑን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ያንን በሽቦ የታሰረ ጎማ ነው። ከማሽኗ አጠገብ የእህቱ ልጅ በአዲስ ቱታ ቆማለች። ከስታለች። አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«ጋሼ፣ በእናትህ፣ ዛሬስ አሳዪኝ እንዳትለኝ።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ እንዳለ ነው። ጋሽ አሳየኝ ማሽኗን አየ፤ ልጅቷን አየ። ከዚያ ወደ ቢሮው ዞረ።

«ፋይላችሁ የት ነው?» አለ።

ወንበር ሳቡለት። ፋይሉ ሙሉ ነበር።