ዳይቭ እንዳላደርግ ሽማግሌ ተላከብኝ

ባለፈው እሁድ... «ከቅዳሴ በኋላ አባትሽ ምሳ ይጋብዝሻል» ተብዬ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ስገባ አባቴ የለም። ነጠላቸውን እንደለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተነስተው ቆሙልኝ።

ሊድሩኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በባሕር ባዮሎጂ ተመረቅኩ። አባቴ ለሰው ሲያወራ «ባሕር» የምትለዋን ዘሎ «ባዮሎጂ» ብቻ ነው የሚለው፤ ሰሚው ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ እንዲያስብ። ሶ፣ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም... በመጨረሻ ኢንዶኔዥያ ጫፍ፣ ራጃ አምፓት የሚባሉ ደሴቶች ላይ ዳይቭ እያደረገ፣ ማለት ባሕር ሥር እየጠለቀ፣ ዓሣና ኮራል (ውሃ ውስጥ ብቻ የሚኖር ድንጋይ መሳይ ፍጥረት) የሚመዘግብ ቡድን ተቀበለኝ። በአውሮፕላን ላይ አውሮፕላን ቀይረሽ፣ ከዚያ በጀልባ የሚደረስበት አገር ነው። የዓሣና የኮራል ዓይነት እንደዚያ የበዛበት ባሕር የለም ይባላል።

በማግስቱ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረብኝ። አባቴ ደግሞ «ከሄድሽ አልመርቅሽም» ብሎ ተኮራርፈናል። ሳይመርቀኝ መሄድ እችላለሁ... ግን ባሕር ሥር የአባት ኩርፊያ ተሸክሞ መውረድ የአየር ሲሊንደሩ ላይ ሌላ ሲሊንደር መጨመር ነው። እሱም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ሽማግሌ የላከብኝ።

እባካችሁ ተቀመጡ ብዬ ተቀመጡ። የጾም በየዓይነቱ መጣ። ማንም አልነካውም።

እዚህ ለተወለዳችሁ ላስረዳ፦ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅ እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ ተስማምቶ አልቋል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቅዳሴ ቆመው ነው የመጡት።

ጋሼ መኩሪያ ጀመሩ። ድሮ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ መታረቅ ያልነበረባቸውንም ጨምሮ።

«ልጄ፣ ሐበሻና ባሕር ምን አገናኘው? እግዜር ደጋ ላይ ያስቀመጠን አውቆ ነው።»

«ሻርክ አለ አይደል እዚያ?» አሉ ከሦስቱ ብቸኛዋ ሴት፣ እትዬ ጥሩነሽ።

«አለ፤ ግን እዚያ ያለው ሰው አይነካም።»

«ሐበሻ ቀርቦለት ስለማያውቅ ነው» አሉ ሦስተኛው፣ ጋሼ በላቸው። ሆሊውድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ናቸው፤ የራሳቸው መኪና የቆመበትን የፓርኪንግ ክፍያ ሚተር ለመሙላት ግን በየመሃሉ እየተነሱ ይወጣሉ።

ስልኬን አውጥቼ ቡድኑ የላከልኝን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ኮራሉ እንደ መስከረም ሜዳ ነው፤ ቢጫ፣ ወይንጠጅ፣ ቀይ... እኔ ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

«ይሄ ይበላል?» አሉ ጋሼ መኩሪያ።

«ይሄ ኮራል እያኘከ አሸዋ የሚያወጣ ዓሣ ነው። የዚያ አገር ነጭ አሸዋ ብዙው...»

«እሱን አይደለም። ይበላል ወይ?»

«በጾም አይበላም» አሉ ጋሼ በላቸው።

«ይበላል የሚሉ አባት አሉ» አሉ ጋሼ መኩሪያ። ሁለቱ በዚህ ሲከራከሩ የእንጀራው ዳር ደረቀ።

ቢቸግረኝ ጠየቅኩ። «ጋሼ መኩሪያ፣ እርስዎ በሱዳን ሲወጡ ሽማግሌ ተልኮብዎት ነበር?»

«ያ ሌላ ነው። እኛ በበረሃ የመጣነው እናንተ ቢሮ እንድትቀመጡ ነው።»

የጋሼ መኩሪያ ልጅ ቢሮ ተቀምጣለች። የአባቷን ስልክ አታነሳም እንጂ።

ጋሼ በላቸው ወደ ሚተሩ ወጡ። ተስፋ ቆርጬ ቪዲዮውን ልዘጋ ስል የባሕር ፈረስ የሚባለው መጣ። ከጥፍር የሚያንስ፣ ኮራል ላይ በጭራው የተጠመጠመ ፍጥረት።

«ሆዱ የተነፋው ወንዱ ነው» አልኩ። «በእነሱ ዘንድ የሚያረግዘውም የሚወልደውም ወንዱ ነው።»

እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ወንዱ?»

«አዎ። አሁን ምጥ ይዞታል።»

የባሕር ፈረሱ አንዴ ተኮማተረ፤ ልጆቹ እንደ አቧራ ቦነኑ።

«እሰይ የኔ ጌታ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ከልባቸው። «ግፋ። ገና ነህ፣ ግፋ። የእኔው ሰውዬ ልጆቼን ስወልድ አንዴ እንኳ አልደረሰልኝም። ፓርኪንግ አጣሁ ነው የሚለኝ።»

እየሳቁ እጃቸውን ሰደዱ፣ እንጀራ ቆረሱ፣ ሽሮውን ጠቀለሉና... ጎረሱ።

«እትዬ ጥሩነሽ» አሉ ጋሼ መኩሪያ ቀስ ብለው፣ «በሉ እኮ።»

«ምን በላሁ?» አፋቸው ሙሉ ነው።

ይሄኔ ጋሼ በላቸው ተመለሱ። እትዬ ጥሩነሽ ሲያኝኩ አዩ። «አለቀ እንዴ? ተመስገን» ብለው ሳይቀመጡ ጎመኑን ጠቀለሉ።

ጋሼ መኩሪያ ምግቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምስሩን አዩ። «ማዕድ ከተቆረሰ በኋላ ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም» አሉ። የቱን ቃል እንደሆነ አልተናገሩም፤ ጎርሰው ነበር።

አባቴ ለካ ጥጉ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጋሼ መኩሪያ ደወሉለት። «ጨርሰናል። አዎ፣ ተስማምተናል። መስማማታችንን ስማ እንጂ በምን እንደሆነ ምን አስጨነቀህ... ና መርቃት።»

የላኩትን ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው። አባቴ ገባ፤ ባዶውን ትሪ አየ፤ ገባው። ሁላችንም ቆምን። እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መረቀኝ።

«እንደ ሙሴ ባሕሩን ለሁለት ይክፈልልሽ። በደረቅ ግቢ፣ በደረቅ ውጪ።»

«አሜን» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ምርቃቱ ከሰመረ እንግዲህ፣ ያን ሁሉ ኮራል በአንድ ቀን ያደረቀችው ሐበሻ እኔ ነኝ።