ከማተብ ጋር የታሰረው ፍላሽ

ፈንታነሽ ኮምፒውተር የላትም፤ ፍላሽ ግን አላት። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፈች የምታድረው በሰው ኮምፒውተር ነው፤ ዛሬ እዚህ ሱቅ፣ ነገ እዚያ። የሱቆቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ግማሾቹ ቫይረስ የጣላቸው ናቸው። እሷን ምን ቸገራት! ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ጎረቤቷ ባስተማረቻት መሠረት፣ ሊኑክስ የሚሉትን፣ ኮምፒውተር የሚያስነሳና የሚያሠራ ሥርዓት እንዳለ ፍላሿ ላይ ጭናዋለች፤ ከጎኑም የምትጽፈው ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ለይታለታለች። አልነሳ ያለው ኮምፒውተር ላይ ትሰካውና ከፍላሿ ታስነሳዋለች። ስትጨርስ ነቅላ እብስ ነው። የጻፈችው አብሯት ይሄዳል፤ የባለቤቱ ዕቃ እንደነበረ ይቆያል።

ታዲያ የደብረ ታቦር ክረምት ለፍላሽ አያዝንም። አንድ ቀን ኪሷ ውስጥ ርሶ ለጥቂት ከተረፈላት በኋላ፣ ገበያ ላለ ቆዳ ሰፊ ሰጥታ ማኅደር አሰፋችለት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በዚያ መጠን የሰፋው ክታብ ብቻ ነው፤ ይሄንንም ክታብ አስመስሎ ሰፋው። እሷ ሞኟ ደስ ብሏት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ጉዱ የመጣው አብሮ አደጓ ዓለሚቱ ሴት ልጅ ወልዳ፣ የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ ባለቻት ጊዜ ነው። ፈንታነሽ ቤይሩት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ የራሷን ሳትወልድ የተመለሰች ናት፤ ይቺን ሕፃን መታቀፍ እንዴት እንዳጓጓት አትጠይቁኝ። በክርስትናው ዋዜማ የነፍስ አባቷ ቄስ ወልደጊዮርጊስ ደብሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ መስቀል ሲያሳልሟት ያን ቆዳ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ። ክታብ ያሰረች ሴት ከክርስትና ውኃ ሕፃን አትቀበልም አሏት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ክታብ አይደለም ብላ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ማስረዳት ጀመረቻ! ውስጡ ያለው፣ ሞቶ በተኛው ላይ ሲገባ ያስነሳዋል አለች። በባለቤቱ አካል ራሱ ይሠራበታል። ሲወጣ ባለቤቱ የሆነውን አያውቅም፤ እሱ ግን ሁሉን ያስታውሳል፤ ሌላ ቀን ሌላው ላይ ሲያርፍ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቄሱ ወደ ኋላቸው ፈቀቅ አሉ። ዛር ማለት ታዲያ ሌላ ምን ነው? ከድጡ ወደ ማጡ። የጠበል ጀሪካን አስመጡና በይ ንከሪው አሏት። ፈንታነሽ ፍላሿን ጨብጣ እንባዋ መጣ። ብትነክረው እንጀራዋ ሊሄድ፣ ባትነክረው ሕፃኗ ልትቀርባት።

ጨነቃትና ሲሠራ ይዩት ብላ ለመነቻቸው። ቢሮው ውስጥ አልነሳ ብሎ የከረመ ኮምፒውተር ነበር፤ ሰካችው፤ ተነሳ። ቄሱ አማተቡ። ከዚያ ግን ሊቅ ናቸውና መመርመር ያዙ። የደብሩን ጽሑፍ ነካብን? አልነካም። ሲወጣስ ምን ይዞ ይወጣል? የራሱን ብቻ።

«ልጄ፣ ጋኔን ሳስወጣ ነው የኖርሁ» አሉ። «ሰው ቤት ገብቶ፣ ሠርቶ፣ የባለቤቱን ሳይነካ የራሱን ብቻ ይዞ የወጣ ጋኔን አላየሁም። ይሄ የደግ ሠራተኛ ጠባይ ነው።»

ፈንታነሽ አለቀሰች። ቤይሩትን ለቃ ስትወጣ እመቤቷ በር ላይ አስቁማ ሻንጣዋን በርብራው ነበር።

ቆዳው ግን ይውለቅ ተባለ፤ ሕዝቡስ ምን ይላል? በማግስቱ ፍላሹን ለማንም አላምን ብላ ራቁቱን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለችው ቀረበች። ሕፃኗ ከመጠመቂያው ወጥታ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ እየጮኸች ደረቷ ላይ ተሰጠቻት። መጀመሪያ ያዩት ቄሱ ናቸው፤ ጸሎቱን የሚያውክ ድምፅ አወጡ።

«ልጄ፣ ፍላሹ!»

«ይራስ፣ አባ» አለችና ሕፃኗን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።